የአቶ እርገጤ ዶሮዎች የሸፈቱበት ቀትር

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው በገዛ እጁ ያበላሸውን ነገር በሌላ ሲያላክክ፣ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ሰሚው ሁሉ ይስቃል፤ የተባለችበት ሰው ብቻ አይስቅም። ይህች አባባል ከጠቢብ አፍ ተጠርባ የወጣች እንዳትመስላችሁ። የወጣችው ከአንድ የቆርቆሮ ዶሮ ቤት ነው።

የዶሮ ቤቱ ጌታ አቶ እርገጤ ይባሉ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖሩና ጡረታ ሲወጡ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ያዛቸው፤ ሐኪሙም «ቆላ ውረዱ» አላቸው። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካለን ይዘው ድሬ ወረዱ። በቁልቋል አጥር የታጠረ፣ ጓሮው መሐል ትልቅ የኒም ዛፍ የቆመበት ቤት ገዙ። ጉልበታቸው በወሩ ዳነ። እሱ ሲድን ግን ሌላ ሕመም ጀመራቸው፤ አንቱ የሚላቸው ሰው ጠፋ። የድሬ ሰው ልማዱ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፣ ፍቅሩም እዚያው ውስጥ ነው። አቶ እርገጤን ግን በየቀኑ እንደ እሾህ ይወጋቸው ነበር። እኛስ ታሪካቸውን እስክንጨርስ ድረስ አንቱታውን አንነፍጋቸውም።

ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስላልለመዱ «ዶሮ አረባለሁ» አሉ። እስከዚያ ዕድሜያቸው ዶሮን የሚያውቋት በወጥነቷ ነበር። ሆኖም ደብረ ብርሃን ሳሉ በዶሮ እርባታ የግማሽ ቀን ሥልጠና ተቀምጠው ነበርና፣ ከዚያ ሁሉ ትምህርት አንዲት ቃል አልጠፋቻቸውም፤ «የዶሮ ጠላቷ ብርድ ነው» የምትለው። ለደብረ ብርሃን የተባለችውን ቃል ሳትሸራረፍ ተሸክመው ድሬ አወረዷት።

መጀመሪያ የኒሙን ዛፍ አስቆረጡ። መጥረቢያው ሲያስተጋባ ጎረቤታቸው አደ ኩልሱም፣ ወይዘሮ ኩልሱም እንደ ማለት ነው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ናት። በእሷም ግቢ እንደዚያው ያለ ኒም ቆሟል።

«እርገጤ፣ ዛፉ ምን አደረገህ?» አለቻቸው።

«ጥላው ጓሮውን ያቀዘቅዝብኛል። ዶሮ ላስገባ ነው።»

«አቦ! ድሬ ላይ ቀዘቀዘኝ ያለ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ተው፣ ዶሮዎቹን ትጨርሳቸዋለህ።»

አቶ እርገጤ ከዚህ ሁሉ ምክር የሰሙት «ተው» መባላቸውን ብቻ ነበር። «ተው! እንደ እረኛዋ!» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲብሰከሰኩ ዋሉ። ዛፉም ወደቀ።

ከዚያ ዶሮ ቤቱ ተሠራ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ። አንዲት መስኮት ቀርታ ነበር፤ እሷንም «ነፋስ ታስገባለች» ብለው በጆንያ ወተፏት። የመጠጫው ውሃ በብረት ድስት ሆኖ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፤ እኩለ ቀን ሲሆን የሻይ ቅጠል ብቻ ነበር የሚጎድለው። በዚህ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ገቡ።

በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው አዩ።

«አንተ፣ እነዚህ ዶሮዎች ምነው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ?»

«ርቧቸዋል» አሉና በቆሎ ጨመሩላቸው።

«ክንፋቸውንስ ምነው ዘረጉት?»

«ደስ ብሏቸው ነው።»

በሦስተኛው ቀን ደስታው የበዛባት አንዷ ሞተች። አቶ እርገጤ «የመንገድ ድካም ነው» አሉ። በሳምንቱ ሁለተኛዋ ስትደገም የመንገዱ ሰበብ አላዋጣምና ሰበቡን ትተው ቀበሯት። በልባቸው ግን ድንጋጤ ገባ። ማታ ማታ ከዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ያዳምጡ ጀመር፤ ወደዋቸው ነበርና። ጆንያውን ከመስኮቱ ማንሣት ግን አልታያቸውም።

የተረፉት ዶሮዎች ከጌታቸው ተሽለው ተገኙ። በር በተከፈተ ጊዜ አንዲት ገብስማ ዶሮ ከቁልቋሉ ሥር ሽንቁር አገኘችና ሾልካ ወደ ኩልሱም ግቢ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት። አደ ኩልሱም ከኒሟ ሥር በሰባራ እንስራ ውሃ ታስቀምጣለች፤ የተረፈውን ትደፋውና አሸዋው ርሶ ይውላል። ዶሮዎቹ እዚያ ርጥብ አሸዋ ላይ ሆዳቸውን ለጥፈው ዋሉ፤ አፋቸውም ተዘጋ። እንቁላላቸውን በአሮጌ ሳፋዋ ውስጥ ጣሉላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሳቸው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይኸው ሆነ ሥራቸው።

እሷም በየማታው እንቁላሉን በሳህን ይዛ ትመጣለች።

«እንካ፣ አምስት ናቸው። ዶሮዎችህ ሞቋቸው ነው እርገጤ። ዳስ ቢጤ ጣልላቸው፣ ውሃውንም ከፀሐይ አንሣው።»

«አምስት ብቻ? የቀሩት አምስትስ?»

«የቀሩት ምን?»

«አሥር ዶሮ አለኝ። አሥር ዶሮ በቀን አሥር እንቁላል ነው!»

ይህን ማን እንዳስተማራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኩልሱም ትክ ብላ አየቻቸውና «በዚህ ሐሩር አምስት ከጣሉልህ፣ ገብተህ አመስግናቸው» ብላ ሳህኗን ይዛ ሄደች።

አቶ እርገጤ ሽንቁሩን በድንጋይ ደፈኑ። ዶሮዎቹም የጋለው ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ እግራቸውን እያነሡ እየጣሉ ሁለት ሦስቴ ረገጡና በአጥሩ ላይ በረው ተሻገሩ። ይህን ሲያዩ አቶ እርገጤ ደማቸው ፈላ።

«አየሽ አስካለ? ባዶ እግሩን እሳት ረግጦ የሚሄድ ጤነኛ ፍጥረት አለ? መስተፋቅር አብልታቸዋለች!»

«ለዶሮ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ለዶሮ!»

በሚስታቸው ፊት ብቻ ቢሉት በቀረ። ከሱቁ ደጃፍ ቆመው «እንቁላል ሌባ ጎረቤት ጣለብኝ፤ ዶሮዎቼን በመስተፋቅር አስኮብልላ ልታስቀራቸው ነው» ብለው ለሰፈሩ አወሩ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ኩልሱም ቤት ደረሰ። ያቺ ሴት በዚያ ሰፈር አርባ ዓመት ኖራለች። መንገድ የሚሄድ ሁሉ የቤቱን ቁልፍ የሚያስቀምጠው እሷ ዘንድ ነበር። በዚያ ሳምንት አንድ ሰው ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሲያልፍ አየችው። ነጠላዋን ደርባ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ሙሜ ዘንድ ሄደች።

«ወይ ሌብነቴን ያሳየኝ፣ ወይ ስሜን ይመልስልኝ» አለች።

ኦቦ ሙሜ ዕድሜያቸውን በባቡር ነጂነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ጨምረው፣ የሽምግልናውን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ እንዲመርጡ ለአቶ እርገጤ ላኩባቸው። አቶ እርገጤ አሰቡበት። «ቦታው የእኔ ጓሮ ይሁን፤ እሷ ዘንድ ከተቀመጡ ታግባባቸዋለች። ሰዓቱም ልክ ስድስት ሰዓት ይሁን፤ ዶሮዎቼ የሚሰረቁት ያን ጊዜ ነው፣ እጅ ከፍንጅ ትያዛለች» አሉ።

በቀኑ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከቆርቆሮው ዶሮ ቤት ጎን፣ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ በምትወርድበት ጓሮ በተርታ ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለም በርጩማ ይዘው ከዳር ሆኑ። ኩልሱም ከአጥሯ ማዶ ከኒሟ ሥር ሆና ትሰማለች። ዶሮዎቹ ተራ በተራ በጣሪያው አድርገው ሲሻገሩ ሁሉም አየ።

አቶ እርገጤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ወረቀት ዘርግተው ቆሙ።

«ክቡራን ሽማግሌዎች! ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት፣ ዶሮዎቹ ከተገዙበት ዕለት እጀምራለሁ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር…»

ማክሰኞ ሳያልቅ፣ ከሽማግሌዎቹ ወፍራሙ ላቡን ጠርጎ «ውሃ ቀምሼ ልምጣ» አለና በበሩ ዞሮ ኩልሱም ግቢ ገባ። አልተመለሰም። አቶ እርገጤ ሐሙስ ላይ ሲደርሱ ሁለተኛው «እሱን ልጥራው» ብሎ ተነሣ። የጠራውም የተጠራውም ቀሩ። ኦቦ ሙሜ ጨዋ ናቸውና እስከ እሑድ ታገሡ፤ ከዚያ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። አቶ እርገጤ ከወረቀታቸው ቀና ሲሉ ሚስታቸው በርጩማቸውን በብብታቸው ይዘው በሩ ጋ ደርሰዋል።

«አስካለ! አንቺም?»

«ተናገር፣ እዚያ ሆኜ እሰማሃለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

በጓሮው የቀሩት አቶ እርገጤ፣ ኮታቸውና የቆርቆሮው ቤት ብቻ ናቸው። በአጥሩ ላይ አሻግረው ቢያዩ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኒሙ ሥር ተዘርግተዋል፤ በእግራቸው መሐል ዶሮዎቹ አሸዋ ላይ ተኝተዋል፤ ኩልሱም ውሃ ታዞራለች።

«አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቼን ሰረቀችኝ!» ብለው ጮኹ።

ማዶ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አቶ እርገጤ ሌላም ሊጨምሩ አስበው ነበር፤ ግን ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣበቀ፣ ጆሯቸው ጭው አለ፣ እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ወይዘሮ አስካለ ሮጠው መጥተው ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጥላው አሻገሯቸው። ገብስማዋ ዶሮ ጥቂት ፈቀቅ አለችላቸው። ኩልሱም ራሷ በጣሳ ውሃ ሰጠቻቸው፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

ኦቦ ሙሜ ጊዜ ሰጧቸውና «እርገጤ፣ መስተፋቅሩ ያዘህ?» አሏቸው።

አቶ እርገጤ ጣሳውን ዳግም እንዲሞላላቸው ዘረጉ፤ ኦቦ ሙሜም ቀጠሉ፦

«በል፣ በሰው ፊት ሌባ ብለሃታል፤ በሰው ፊት ይቅርታ በላት።»

አቶ እርገጤ ፊታቸውን ወደ ኒሙ ግንድ አዙረው «ይቅርታ» አሉ።

«ዛፉ ይቅር ብሎሃል» አለች ኩልሱም። «ለእኔ ደግሞ እያየኸኝ በለኝ።»

ዞሩ። አዩዋት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ለአንድ አፍታ ሁሉም መልካም መሰለ። ነገር ግን አቶ እርገጤ ውሃው ነፍስ ዘርቶባቸው ነበርና አላስቻላቸውም።

«ቢሆንም» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሷ ይህን ዛፍ እዚህ ባታቆም ኖሮ ዶሮዎቼ የት ይሄዱብኝ ነበር?»

ኦቦ ሙሜ ከወንበራቸው ተነሡ፤ በአጥሩ ማዶ የተቆረጠውን ኒም ደረቅ ጉቶ አዩ፣ አቶ እርገጤን አዩ፣ ከዚያም ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው እንዲህ አሉ፦ «የገዛ ጥላውን ቆርጦ፣ ጎረቤቱን ሌባ ይላል።»