አያ ጅቦና ማገዶ የማይጠግበው ሕንፃ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ከደኑ ዳር ባለ ሦስት ፎቅ የንግድ ቤት ሠራ። እንስሳቱ ማሩንም፣ ጨውንም፣ እህሉንም እዚያ ይገበያዩ ጀመር። አያ ጅቦ ግን ከንግዱ ይልቅ መታየትን ይወድ ነበር። ማንም የሌለባቸው ክፍሎች ውስጥ ሳይቀር ምድጃ ያስነድዳል፤ እሳቱን አላፊ አግዳሚው እንዲያይለትም በሮቹን ወለል አድርጎ ይከፍታል። «መስኮት የድሃ ቤት ያስመስላል» ብሎ የምሥራቁን ግድግዳ ስለደፈነው፣ በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ ይበራ ነበር።

ማገዶውን የምታመላልሰው እመት አህያ ነበረች። ዛፉ ባለቀ ቁጥር መንገዷ ረዘመ፤ ጀርባዋም ተላጠ። አንድ ማለዳ ሁሉም የሚጠጣበት ምንጭ ደርቆ፣ ጭቃው ተሰነጣጥቆ አገኘችው። ከምንጩ በላይ የነበረው ደን ተመንጥሯል። ደነገጠች። ሸክሟን ሳታራግፍ ጌታዋ ዘንድ ገባች።

«አያ ጅቦ፣ ምንጩ ደረቀ። በሮቹ ይዘጉ፤ ባዶዎቹ ክፍሎችም አይሙቁ። ያን ግድግዳ ቢከፍቱት ፀሐይ በነጻ ትገባለች።»

«አንቺ የተፈጠርሽው ለመሸከም ነው፤ ማሰቡን ለእኔ ተይው» አላት። ወሬው እንዳይዛመት ግን ፈርቶ ቀበሮን አስጠራ።

ቀበሮ ሕንፃውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ቀላል ነው» አለ። «በሩን አረንጓዴ ቀለም ይቀቡት። ከላይ ‹የደን ወዳጅ› ብለው ይጻፉበት። ለእኔ አንድ የበግ ወርች ይበቃኛል።»

ጅቦ በጣም ተደሰተ። በሩ ተቀባ፤ እሳቱ እንደነደደ ቀረ። ቀለሙንም ተሸክማ ያመጣችው አህያ ነበረች።

የተጠሙት እንስሳት ለንጉሥ አንበሳ አቤት አሉ። አንበሳም በእኩለ ቀን መጣ።

«ይህ ሁሉ እሳት ለማን ነው?»

«ጃንሆይ፣ በሩን ይመልከቱልኝ፤ አረንጓዴ ነው» አለ ጅቦ።

አንበሳ የአህያዋን ጀርባ ተመለከተ። «አንቺ ንገሪኝ» አላት። እሷም ሁሉንም ነገረችው።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ማገዶ የሚሸከመው ባለቤቱ ነው» ሲል ፈረደ። ቀበሮ «እኔ ያመጣሁት የቀለም ሐሳብ ብቻ ነው» ብሎ ወርቹን ነክሶ ሹልክ አለ።

በመጀመሪያው ቀን ጅቦ አራት ጊዜ ቢመላለስም አልበቃም። በማግስቱ ወገቡ ሲከዳው የባዶዎቹን ክፍሎች እሳት አጠፋ። በሦስተኛው ቀን በሮቹን በገዛ እጁ ዘጋ፤ ከዚያም የምሥራቁን ግድግዳ በጥርሱ ሲቦረቡር ዋለ። ብርሃን ገባ። ጨው ነጋዴዋ ጦጣ ኩራዟን እፍ አለች።

«ይህን የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ» እያለ ጅቦ በገበያተኛው መሀል ተንጎራደደ።

እመት አህያ ሰማችው። ያለ ሸክም ወደ ምንጩ ወረደችና ጭቃውን አሸተተች። ውሃ የለም። የተመነጠረው ደን እስኪያድግ ገና ብዙ ክረምት ይቀረው ነበር።

ከዚህ የምንማረው ማገዶውን ሌላ የሚሸከምለት ባለ ሕንፃ ብክነቱ እንደማይታየው፣ በር መቀባትም በር መዝጋትን እንደማይተካ ነው።