እትዬ ኤሊ እና የሚጋለበው ሻንጣ

እስቲ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር መልሱልኝ፤ መንገድ ልትሄዱ ስትነሱ «ትንሽ ናት፣ አትከብድም» ብሎ ዕቃ የሚያሸክማችሁ ሰው፣ ዕቃዋ እውነት ትንሽ ከሆነች ለምን ራሱ አይዛትም?

እንግዲያው ስሙ።

እንስሳት በሠርግ ካርድ በሚጠራሩበት፣ ሻንጣም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት በዚያ ዘመን፣ ሐይቅ ዳር አንዲት አሮጊት ኤሊ ትኖር ነበር። እትዬ ኤሊ ይሏታል። ብዙ አንብባለች፤ ጥቂት ስቃለች። ከዳገቱ ማዶ፣ ወንዝ ዳር የምትኖር ደብሪቱ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። ደብሪቱ መጀመሪያ ስታገባ እትዬ ኤሊ ለሠርጉ ተነሳች፤ የደረሰችው ለልጁ ክርስትና ነው። ደብሪቱ ሁለተኛ ስታገባም ተነሳች፤ ስትደርስ ባልየው ጓዙን ጠቅልሎ እየወጣ ነበር። በር ላይ ሰላም ተባብለው ተላለፉ።

አሁን ደብሪቱ ለሦስተኛ ጊዜ ልታገባ ነው። ካርዱ ላይ በገዛ እጇ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «እኩለ ቀን ላይ ሙሽራው ይገባል። ከሱ በፊት ካልደረስሽ እህት የለኝም።»

እትዬ ኤሊ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገበያ ወርዳ የሚጋለብ ሻንጣ ገዛች። ሻንጣው አራት ጎማ፣ አንድ መሪና አንድ ባትሪ አለው፤ ላዩ ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ሲጫኑት ይሄዳል። የመመሪያውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ «ተሳፋሪ ከተቀመጠበት ከባድ ጓዝ አይጨመርም» የሚለውን አሰመረችበት።

በሠርጉ ዕለት ማለዳ ወጥታ ተቀመጠችበት።

«እንደምን አደሩ እመቤቴ፤ ባትሪዬ መቶ በመቶ ነው። እንደ ነፋስ እንሄዳለን፤» አለ ሻንጣው።

«አታውራ፣ ሂድ፤» አለች።

ሄዱ። ሳሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ቁጥቋጦው ወደ ኋላ ሸሸ። በመቶ አርባ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ ፊቷን መታት። ማንም እንደማይሰማት አየችና «እሰይ!» አለች።

ጥቂት እንደሄዱ ጦጣ ከዛፍ ወረደች።

«እትዬ ኤሊ! እንዴት አምሮብሻል! ወደ ሠርጉ ነሽ አይደል? እኔማ ልጆቼን ለማን ጥዬ እመጣለሁ? ይቺን ቆሎ ለደብሪቱ አድርሺልኝ። አደራ! ትንሽ ናት፣ አትከብድም።»

ትንሿ ቆሎ አንድ ስልቻ ሙሉ ነበረች።

«እመቤቴ፣» አለ ሻንጣው በሹክሹክታ፣ «ገጽ አሥራ ሰባት...»

«አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ።» ወደ ጦጣ ዞረች። «እሺ፣ ምን ይደረግ፣ አምጪው።»

እምቢ ስለ ማለት ሦስት መጻሕፍት አንብባለች። መንገደኛ አደራ እምቢ ሲል ግን በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

«ባትሪ ሰባ በመቶ፤» አለ ሻንጣው።

ትንሽ እልፍ እንዳሉ ጅብ እያነከሰ ብቅ አለ።

«እትዬ ኤሊ፣ እግሬን እንደምታዪው ነው፤ የዛሬውን ሠርግ አልታደልኩም። ይቺን ቋንጣ አድርሺልኝ። አደራ! ትንሽ ናት፣ አትከብድም።»

ትንሿ ቋንጣ የአንድ በሬ ጎድን ነበረች፣ ከነአጥንቷ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥጋ ለሌላ የምትሰጠው?»

«ሌላኛውን ጎን በልቼ አረጋግጫለሁ፤ ጥሩ በሬ ነው።»

«እሺ፣ ምን ይደረግ፣ አምጣው።»

«ባትሪ አርባ በመቶ፤» አለ ሻንጣው።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አህያ መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«እትዬ፣ ዓመቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ስሸከም ከርሜ ዛሬ ጀርባዬን ላሳርፍ ነው፤ ወዴትም አልሄድም። ይቺን የወፍጮ ድንጋይ ለሙሽራዋ አድርሺልኝ፤ አዲስ ቤት ያለ ወፍጮ ይሆናል? አደራ! ትንሽ ናት፣ አትከብድም።»

«ድንጋይ?» አለ ሻንጣው፣ ዝም ማለት አቅቶት። «አህያ ለሻንጣ ድንጋይ ታሸክማለች?»

«ይሄን ደግሞ ማን ጠየቀው?» አለች አህያ። «በኛ ጊዜ ሻንጣ አይመልስም ነበር።»

«እሺ፣» አለች እትዬ ኤሊ፣ «ምን ይደረግ፣ አምጪው።»

«ባትሪ አሥራ አምስት በመቶ፤» አለ ሻንጣው። ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሞተሬ ቆሟል፣ እመቤቴ።»

«አፍህስ?»

«አፌ የራሱ ባትሪ አለው።»

ፀሐይ ወደ አናት እየወጣች ነው። በዚህ መሃል ከኋላ ዘፈን ተሰማ። ጦጣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጆቿን ሁሉ አስከትላ መጣች።

«ውይ እትዬ፣ ቆምሽ እንዴ? በይ እዚያው እንገናኝ!» ብላ አለፈች።

ጅብ መጣ። እግሩ ድኖለት እየጨፈረ ነው። «ውይ እትዬ፣ ቆምሽ እንዴ? በይ እዚያው እንገናኝ!»

አህያ መጣች። ጀርባዋ ባዶ፣ አንገቷ ላይ አበባ። «ውይ እትዬ፣ ቆምሽ እንዴ? በይ እዚያው እንገናኝ!»

ሦስቱም ሠርገኞች ነበሩ ለካ! ዳገቱን ባዶ እጃቸውን ለመውጣት ነው ልጅ፣ እግርና ጀርባ ያመካኙት።

«ጓዙን ይጣሉት፣ እመቤቴ፤» አለ ሻንጣው።

«አደራ እኮ ነው! አደራ ይጣላል?»

«እርስዎን ግን ጥለዎት ሄዱ።»

«አይቻለሁ፤» አለች። «ይህንንም እንደ አደራው እይዝላቸዋለሁ።»

ከሻንጣው ወረደችና በስተኋላው ዞረች። ጭንቅላቷን ወደ ልብሰ ድንጋይዋ ከተተች፤ በደረቅ ጀርባዋ ትገፋ ጀመር። አንድ ስንዝር ገፋች። ሌላ ስንዝር ገፋች። ፈጣን እንስሳ ቢሆን አሥሬ ተስፋ በቆረጠ ነበር፤ እሷ ግን በዝግታ መሄድ ከተወለደች ጀምሮ ሥራዋ ነው። ሻንጣው በሕይወቱ ተገፍቶ አያውቅምና አፍሮ ዝም አለ። ይህም ጠቀማት።

ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጫፉ ላይ ወጡ። ከታች ወንዙ፣ ከወንዙ ዳር የሠርጉ ዳስ ይታያል። እትዬ ኤሊ ሻንጣው ላይ ወጥታ መሪውን ጨበጠች።

«ፍሬን አለህ?»

«ያለ ባትሪ የለኝም፣ እመቤቴ።»

«ደግ።»

ለቀቀችው። ቆሎው ከበደ፤ ቋንጣው ከበደ፤ ድንጋዩ ደግሞ ከሁሉ ከበደ። ያ ሁሉ ሸክም ቁልቁል ሲሄድ እንዴት እንደሚሮጥ ምን ልንገራችሁ! ጦጣ፣ ጅብና አህያ ከመንገድ ዳር ሾላ ሥር ተጋድመው ፍሬ እየለቀሙ ሲበሉ አንድ ነገር እያፏጨ አለፋቸው።

«እዚያው እንገናኝ!» አለች እትዬ ኤሊ።

ዳሱ በር ላይ ሚዜዎች ከበውት ሙሽራው ሊገባ አንድ እግሩን አንስቷል። ኤሊ ሙሽራ አንድ እግር አንስቶ እስኪያሳርፍ ብዙ ነገር ይሆናል። ሻንጣው በእግሩ ሥር ሹልክ ብሎ ገባ፤ የቄጠማ ክምር ውስጥ ተወሸቀ።

«እህቴ!» አለች ደብሪቱ። «ደረስሽ!»

«ደረስኩ፤» አለች እትዬ ኤሊ፣ ቄጠማውን ከራሷ ላይ እያራገፈች። ከዚያ አደራውን አንድ በአንድ አወጣች። «ይህ ከጦጣ። ይህ ከጅብ። ይህ ከአህያ።» አንዲት ፍሬ ቆሎ አላጎደለችም።

ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌ ጉሬዛ ሦስቱን እያስከተለ መጣ። በዚያ አገር ይቅርታ የሚለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቀርባል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን ያወርድለታል። ሦስቱም ድንጋያቸውን ተሸክመው አጎነበሱ።

«እትዬ፣ አጥፍተናል ብለዋል፤» አለ ጉሬዛ። «በሠርግ ቀን ቂም አያምርም። አውርጂላቸው።»

እትዬ ኤሊ ዞራ ዞራ ድንጋዮቹን አየች።

«ዋሻችሁኝ፤ ዳገት ላይ ጥላችሁኝም ሄዳችሁ። ለመሆኑ ይከብዳል?»

«ኧረ ምን ይከብዳል፤» አለች አህያ፣ ልማድ ሆኖባት። «ትንሽ ናት።»

«እንግዲያው ተሸከሟት፤» አለች እትዬ ኤሊ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ጅብ ራሱ ሳቀ፤ ድንጋዩ አንገቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ።

የተረቴ ፍሬ ይኸው ነው፦ ትንሽ ናት የሚል መጀመሪያ ራሱ ዳገቱን ይውጣባት። ጓዜን እዚህ ላይ አወረድኩ፤ የቀረችኝ የመጨረሻዋ ወግ ብቻ ናት።

«እኔንስ ይቅር ይሉኛል፣ እመቤቴ?» አለ ሻንጣው ከቄጠማው ውስጥ። «ዳገቱ ላይ ስለቆምኩ?»

«አንተንም።»

«እኔንስ፣ እህቴ?» አለች ደብሪቱ እየሳቀች። «እህት የለኝም ብዬ ስለጻፍኩ?»

«አንቺንም። ቆሎውን አቀብዪኝ። ማንንም ይቅር አልልም።»