«ግን» የተባለው ገጽ

አንድ ደራሲን ከልባቸው የሚወዱ ጥቂት አንባቢዎች ነበሩ። ደራሲው ሰው አይቀርብም፤ ቃለ መጠይቅ አይሰጥም፤ አዲስ መጽሐፍ ካሳተመም ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንባቢዎቹ ግን አልረሱትም። ከመካከላቸው ወለላ የምትባል ወጣት አንድ ድረ ገጽ ከፈተችና ስሙን «ኅዳግ» አለችው፤ ሰው በመጽሐፍ ዳር ሐሳቡን እንደሚጭር እዚህም ይጫር ብላ። ደመወዝ የለም፣ አለቃም የለም። አንዱ ከሥራ ሲወጣ ጽሑፍ ያርማል፤ ሌላዋ ልጇን አስተኝታ ለጠያቂ መልስ ትሰጣለች፤ ናሁሰናይ የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ደግሞ ገጹ በተበላሸ ቁጥር ምሳውን ትቶ ይጠግናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ኅዳግ አደገ። ሲመሠረት ተማሪ የነበሩት ወልደው ከበዱ።

ኅዳግ አንድ ልማድ ነበረው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ፣ ከምስጋናው ቀጥሎ፣ «ግን» የሚባል ገጽ አለ። መጽሐፉን የወደደ ሰው ያልተዋጠለትን ነገር እዚያ ይጽፋል። የማይስማማ ካለ ከሥሩ መልስ ይጽፋል እንጂ የሰው ቃል አይሰረዝም። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ወለላ ነበረች።

በዚያ ገጽ እንደ ወይዘሮ አልጋነሽ የተሟገተ አልነበረም። ሐዋሳ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስለ ደራሲው የመጨረሻ ልቦለድ እንዲህ ብለው ጽፈው ነበር፦ «እናትየዋ መጽሐፉን ሙሉ ልጇን ስትጠብቅ ኖረች። ልጁ በመጨረሻው ምዕራፍ ሲመለስ ስሟን እንኳ የሚያነሳ ጠፋ። ደራሲው ምን ነካው? ደከመው እንዴ?» ከሥሩ የተነሣው ሙግት ዓመታት አልፈውትም አልበረደም።

ታዲያ አንድ ቀን ለኅዳግ አጭር መልእክት መጣ። «የምሥረታ በዓላችሁን ቅዳሜ እንደምታከብሩ አየሁ። ብመጣ ቅር ይላችኋል?» ይላል። ከታች የደራሲው ስም አለ። ወለላ ዓይኗን ማመን አቃታት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ይህ ሰው አንድ ቀን «አንቺስ ገብቶሻል» እንዲላት ነበር። ግን ደስታዋ ውሎ አላደረም፤ ፍርሃት ገባት።

«ናሁ፣ የእትዬ አልጋነሽን ነገር ቢያየውስ?» አለች።

«ይየው። ሰው የጻፈው ነው።»

«‹ደከመው እንዴ› የሚል ነገር በሰባ ዓመቱ አንብቦ የሚመጣ ይመስልሃል? ገጹን ሰውረው፤ በዓሉ ሲያልፍ እንመልሰዋለን።»

«ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ እኮ።»

«ለአንድ ሳምንት ነው አልኩህ!»

ናሁሰናይ ፊቱን አጠቆረ። ቢሆንም የወለላን ቃል መስበር አልሆነለትም፤ ገጹን ሰወረው።

በማግሥቱ ስልኳ ጠራ። ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። «ወለላዬ፣ ያ ገጽ እምቢ አለኝ። እኔው ስነካካ አበላሽቼው ይሆን ብዬ ተሳቅቄ ሞትኩ!» አሉ። «አይ እትዬ፣ ጥገና ላይ ስለሆነ ነው» አለቻቸው። «እፎይ! በይ ቅዳሜ እንገናኝ፤ አውቶቡስ ይዤ እመጣለሁ» ብለው ዘጉ። ወለላ ገጹን ልመልሰው አለች፤ መልሳ ደግሞ ተወችው። እንዲህ ስታመነታ ሳምንቱ አለቀ።

ዓርብ ዕለት ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ ነገሩ ቢከነክናት ለወይዘሮ አልጋነሽ እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም ለወለላ አንዲት መልእክት ላኩ፦ «ገባኝ ልጄ። እንዳላሳፍርሽ ቀርቻለሁ።» ወለላ አነበበችው። አሁን ብትደውል ምን ትላለች? አልደወለችም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ደራሲው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ፤ ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ወለላ ያዘጋጀችውን የምስጋና ንግግር ልትጀምር ስትል እጁን አነሣ።

«ቆይ ልጄ። አልጋነሽ የምትባለዋ የት ናት?»

ሰዉ ዘወር ዘወር እያለ ፈለጋቸው።

«ለዓመታት ኅዳግን የምከፍተው እሷን ላነብ ነው» አለ ደራሲው። «መጀመሪያ ሳነባት ተሳድቤያለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ መልስ ልጽፍላት ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ በአፌ ልነግራት ነው የመጣሁት። በዚህ ሳምንት ደግሞ ገጿን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ሴትየዋን ምን አደረጋችኋት?»

ናሁሰናይ ቀና ብሎ ወለላን አያት። ሰበብ ሞልቷል፤ ጥገና ማለት ይቻላል፣ ብልሽት ማለት ይቻላል። ወለላ ግን ስልኳን አወጣች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ጥገና ብዬ ዋሽቼዎታለሁ። ገጹን ያስደበቅኩት እኔ ነኝ። እንግዳው እንዳይቀየም ፈርቼ ነው። በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ» አለች።

ወለላ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ በመጨረሻ። «ግን...»

«ግን ምን፣ እትዬ?»

«ግን ስልኩን ለሰውየው ስጪው። ደክሞት ካልሆነ ምን ሆኖ እንደሆነ ያስረዳኝ።»

ደራሲው ስልኩን ተቀብሎ ድምፁን ቀነሰና ወደ መስኮቱ ዞረ። በአጠገቡ የቆመችው ወለላ ብቻ ሰማችው። «እኔም ከስንት ዘመን በኋላ አገሬ ስገባ እናቴን አላገኘኋትም» ይላል። «በሩ ላይ ማንን ላቁም? ያላየሁትን እንዴት ልጻፍ?» ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወለላ ራቅ ብላ ቆመች። ንግግሩ ረዘመ፤ አንድም ሰው ከአዳራሹ አልወጣም።

ወለላ የተመኘችውን ምስጋና ያን ቀን አልሰማችም። ደራሲው ሲወጣ ያላት «ገጹን መልሺው» ብቻ ነው። ናሁሰናይ ቀድሞ መልሶት ነበር።

ወዳጆቼ፣ የምንወደውን ሰው ከእውነት የጠበቅነው እየመሰለን ብቻውን የምናስቀረው ስንት ጊዜ ነው! ደራሲው የሚያጨበጭብለት ሰው ሞልቶት ነበር፤ ያለችውን አንዲት ጠያቂ ግን ወዳጆቹ ደበቁበት። የሚያሞግሰን ሁሉ አንብቦን ላይሆን ይችላል። ገጽ ቆጥሮ፣ ተቆርቁሮ፣ «ግን» የሚለን ሰው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አብሮን ዘልቋል ማለት ነው። እስኪ እናንተም አስቡት፦ በሕይወታችሁ «ግን» የሚላችሁ ማን ነበር? አሁንስ የት አለ?