ሁሉም የፈለጋት፣ ማንም ያልጠየቃት ጣቢያ

አንድ አነስተኛ አየር መንገድ ነበረ። አውሮፕላኖቹ ጥቂትና ባለ ፕሮፔለር፣ መስመራቸውም አጭር ነበር። ጠዋት ከደጋው ከተማ ተነሥተው ወደ ቆላ ከተሞች ይወርዳሉ፤ ማታ ሁሉም ተመልሰው እዚያው ደጋው ላይ ያድራሉ። አብራሪዎቹም ቤታቸው እዚያው ነው። ቤቱ ሌላ አገር የሆነውም ቢሆን አልጋው እዚያው ነው።

አንድ ሰሞን ወሬ ተነሣ። ድርጅቱ ሊያድግ ነው፣ አዳዲስ አውሮፕላኖች ሊያመጣ ነው፣ በወንዝ ዳር ባለችው የቆላ ከተማም ሁለተኛ ጣቢያ ሊከፍት ነው ተባለ። ጣቢያ ሲሉ አውሮፕላን አርፎ የሚነሣበትን ሜዳ ማለታቸው አይደለም፤ እሱማ ድሮም አለ። አውሮፕላኑና ሠራተኛው የሚያድሩበት፣ አብራሪው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባበት ቦታ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ በአብራሪዎቹ ማረፊያ ክፍል ሌላ ጨዋታ ጠፋ። ነገሩን ለመረዳት ግን የቤቱን አንድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ቤት ሁሉ ነገር በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። በፊት የተቀጠረ በፊት ይመርጣል፤ መስመሩንም፣ የዓመት ፈቃዱንም፣ የበዓል ዕረፍቱንም። ኋላ የመጣ የተረፈውን ይወስዳል። በስብሰባም ነባሩ ሳይናገር ወጣቱ አፉን አይከፍትም። እናም ወጣቶቹ «ነባሮቹ ወደ ቆላ ቢወርዱልን እኛ እዚህ ካፒቴን እንሆናለን» ብለው አሰቡ። ነባሮቹ ደግሞ «ልጆቹ ወርደው እዚያ ካፒቴን ይሁኑ፤ እኛ በነፋሻው አገር ደህና ደህናውን መስመር እንይዛለን» ብለው አሰቡ። ጣቢያዋ እንዳትከፈት የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ግን የሚሄድላት ሌላ ሰው እንደሆነ እርግጠኛ ነበር።

«ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም አለች» ይል ነበር አንዱ ተጠራጣሪ ሻዩን እያማሰለ። እሱም ቢሆን ከማሰብ አልቦዘነም።

ከነዚህ ሁሉ መካከል ጣቢያዋን ከልቡ የሚፈልጋት አንድ ሰው ነበር፤ ካፒቴን አየነው። በቅጥር የሁሉም ቀዳሚ እሱ ነው። ሚስቱ ጥሩወርቅ በዚያችው የቆላ ከተማ ሆስፒታል አዋላጅ ነበረች። ሴቶቹ ከሩቅ ገጠር ድረስ እሷን ብለው ይመጣሉና ጥላቸው ልትሄድ አልሆነላትም። እሱም ሥራውን ሊለቅ አልቻለም። ስለዚህ ትዳራቸው በአውሮፕላን ማረፊያው የሽቦ አጥር ላይ ቀረ። እሱ ሲያርፍ እሷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ አጥሩ ትመጣለች። ተሳፋሪ ወርዶ ሌላ ተሳፋሪ እስኪወጣ ረዳት አብራሪው ወንበሩ ላይ ይቆያል፤ አየነው ደግሞ የአውሮፕላኑን ዙሪያ ለማየት ይወርድና እግረ መንገዱን ሽቦውን ተደግፎ ያወራታል። ቶሎ ለመነሣት ሲባል አንደኛው ሞተር አይጠፋም፤ ስለዚህ ወሬያቸው ጩኸት ነው።

«ዛሬስ ታጠፋዋለህ?» ትለዋለች።

«ዛሬም አላጠፋውም» ይላታል። ሰላምታቸው ይህ ነበር።

ያን ሰሞን ጥሩወርቅ ነፍሰ ጡር ነበረች። «የሰው ልጅ ስቀበል ኖሬ የእኔን ልጅ አባቷ በሽቦ ሊቀበላት ነው» አለችው አንድ ቀን። ቀልድ ነበር፤ እሱ ግን እየበረረ ሁሉ ከልቡ አልወጣለትም።

በመጨረሻ የበረራ ክፍሉ ኃላፊ አቶ መንበሩ አብራሪዎቹን ሰበሰቡ። ነገር ማርዘም የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ጣቢያዋ ትከፈት የምትሉ?» አሉ።

ያልተነሣ እጅ አልነበረም።

«መልካም። የሚሄደውስ ማን ነው?»

እጆቹ ሁሉ ወረዱ። እንደ ልማዱ ዓይን ሁሉ ወደ ካፒቴን አየነው ዞረ። «እሄዳለሁ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ይሉኝታ የሚባለው የአገራችን በሽታ ያዘው። «ሚስቱን ብሎ ድርጅቱን ወደ ቆላ ጎተተው ይሉኛል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ሲል አሰበ።

«ለእኔ የትም ቢሆን ግድ የለኝም። ድርጅቱ እንደወሰነ» አለ።

«እኔም እንደ ካፒቴን ነኝ» አለ ቀጥሎ ያለው። ከዚያ ሁሉም በየተራው «እኔም፣ እኔም» አለ። አቶ መንበሩ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ተነሡ።

«የሚሄድ ከሌለ የሚከፈት የለም። ለቦርዱ ይህንኑ እነግራለሁ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ አየነው ትንቢት ከምትባል ወጣት ረዳት አብራሪ ጋር ወደዚያችው ከተማ በረረ። አውሮፕላኑ አሮጌ ነበርና በእጅ ነው የሚበር። በእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን መሪ ሁለት ነው፤ ሰውም ሁለት ነው። ስለዚህ መሪ የሚቀባበሉት በቃል ነው። አንዱ «ያዢ» ይላል፣ ሌላዋ «ይዣለሁ» ትላለች፤ ይህን ሳይሰማ እጁን የሚያነሣ የለም። መገመት፣ በጥቅሻ መግባባት ክልክል ነው። የበረራ ትምህርት ቤት ገና በር ላይ የሚያስተምረው ይህን ነው።

ወንዙ ከሩቅ ብልጭ ሲል ግን የአየነው ሐሳብ ሄደ። ሽቦው ታየው፣ ነጩ ጋዋን ታየው። ለትንቢት ጭንቅላቱን ነቅንቆ ምልክት ሰጣትና እጁን ከመሪው አነሣ። ትንቢት አንገቷን ደፍታ ከሬዲዮ የሚነገራትን የአየር ጠባይ ትጽፍ ነበርና አላየችውም። አውሮፕላኑ ለጥቂት ጊዜ እንደ ደህና ነገር ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብሎ አፍንጫውን ደፋ፣ ወደ አንድ ጎንም ዘመም አለ። የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ።

«ካፒቴን፣ ማን ነው የያዘው?» አለች ትንቢት።

«አንቺ የያዝሽ መስሎኝ!»

«እኔም እርስዎ የያዙት መስሎኝ ነው።»

«ይዣለሁ» አለ መሪውን እያቃና።

«ይዘዋል» አለች።

ከኋላ የተኛ ተሳፋሪ እንኳ አልነቃም።

«ካፒቴን፣ አይቆጡኝ» አለች ትንቢት የአየር ጠባዩን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ። «ትናንትም ስብሰባው ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«እኔ ለመሄድ ቆርጬ ነበር። እርስዎ ግድ የለኝም ሲሉ፣ ካፒቴን ያልጓጉለት ቦታ የሆነ ነገር ቢኖርበት ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። ሰርቪስ ውስጥ ስንመለስ ሌሎቹም እንዲሁ ሲሉ ሰማሁ።»

አየነው ሳቅ መጣበት፤ ሳቁ ግን ደስ አላለውም። «እኔ እኮ ከሁላችሁም ይልቅ እፈልጋት ነበር» አለ።

«ታዲያ ምነው?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

«ሰውማ ምንም አላለም» አለች። «ጣቢያዋ ናት የቀረችው።»

እንደተመለሱ አየነው በቀጥታ ወደ አቶ መንበሩ ቢሮ ሄደ።

«ትናንት ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉት ሲሰሙት። «ቦርዱ ዛሬ ጠዋት ተቀመጠ፤ አዲሶቹን አውሮፕላኖች ለሌላ መስመር መደባቸው። እንግዲህ እንደገና ለመጠየቅ ክረምቱ ማለፍ አለበት። ለመሆኑ ስንት ሰው ትሆናላችሁ?»

አየነው አላወቀም። ስለዚህ ባልደረቦቹን ራሱ ሰበሰበና ቆመ። «እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ምክንያቴም የድርጅቱ ዕድገት አይደለም፣ ሚስቴ ናት።»

«ይህቺን ለማለት ነው እንዴ እንዲህ ያላበህ?» አለው ያ ሻይ የሚያማስለው ተጠራጣሪ። ሁሉም ሳቀ፤ የተፈራው «ሰው ምን ይለኛል» እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ ትንቢት «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ሌላው «እኔ አልሄድም፤ የልጆቼ ትምህርት ቤት እዚህ ነው» አለ። ሌላውም «ሙቀት አልችልም» አለ። ማንም በማንም አልተቀየመም። አቶ መንበሩም እሺ ያለውንም እምቢ ያለውንም ለይተው ለቦርዱ የሚነግሩት ነገር አገኙ።

ክረምቱ ግን ለማንም አይቸኩልም። ጥሩወርቅ የወለደችው ደጋው በጉም ተዘግቶ አውሮፕላን በማይነሣበት ቀን ነው። እሷ ራሷ ያስተማረቻት ወጣት አዋላጅ አዋለደቻት። አየነው የበኩር ልጁን መጀመሪያ ያያት በሽቦው ቀዳዳ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ እናትየዋ የልጅቷን ጆሮ በነጠላዋ ሸፍናለች። የዚያን ቀን ጥሩወርቅ «ዛሬስ ታጠፋዋለህ?» አላለችውም። እሱንም ካልተጠየቀው ጥያቄ የበለጠ ያመመው ነገር አልነበረም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጣቢያዋ ተከፈተች፤ እንደ ታሰበው በብዙ አውሮፕላን ሳይሆን በአንድ። የመጀመሪያው ቀን ማታ አየነው አረፈ፣ ተሳፋሪውን አወረደ፣ አንደኛውን ሞተር አጠፋ። ሁለተኛውንም አጠፋ። ጥሩወርቅ ከልማድ የተነሣ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፤ እሱ ግን በበሩ ዞሮ መጣ። የሞተር ጩኸት የለመደችው ሕፃን ፀጥ ሲል ከእንቅልፏ ነቃችና ማልቀስ ጀመረች።

«በል ያዛት» አለችው ጥሩወርቅ እያቀበለችው።

«ይዣለሁ» አለ አየነው፣ በሥራው ልማድ ጮክ ብሎ። ጥሩወርቅም ይህን ሳትሰማ እጇን አላነሣችም።

ወዳጆቼ፣ ይህች ጣቢያ ለአንድ ክረምት ሳትከፈት የቀረችው በጠላት ወይም በምቀኛ አይደለም። ሁሉም ወዷት፣ ሁሉም ሌላው ይይዛታል ብሎ እጁን ስላነሣ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ፍላጎቱን የደበቀም እንዲሁ ሰጪ የለውም። ዝም ያለ ትልቅ ሰው ደግሞ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ዝም ያሰኛል። «እሄዳለሁ» ማለትም «አልሄድም» ማለትም ነውር አልነበረም፤ የጎዳው «ግድ የለኝም» የሚለው ውሸት ነው።

እስኪ እናንተም ቤታችሁንና መሥሪያ ቤታችሁን አስቡት። ሌላው ይዞታል ብላችሁ የለቀቃችሁት ነገር የለም? ካለ፣ ደወሉ ሳይጮህ ዛሬውኑ ጠይቁ፦ ማን ነው የያዘው?