የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ

«አንድ ሰው ነበረ፤ እጁ የማይስት መካኒክ» አሉ መምህር ላቀው፣ የቀረበላቸውን ጥያቄ እንዳልሰሙ ሆነው።

ጠያቂዋ የሺመቤት ናት። አራት ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ከሁለት ዓመት በፊት እህቷ ስትሞት የእህቷን ልጅ ወደ ቤቷ አመጣች፤ ልጅቷ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ ሳምንት ልብሷን ሰብስባ «ቅዳሜ ወደ አባቴ ዘመዶች እሄዳለሁ» ብላለች። የሺመቤት ጭንቅ ቢላት ወደ መምህሩ መጣች። እሳቸው በቢሾፍቱ ሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህም የሰፈሩ ሰው ሲቸግረው የሚያማክራቸው አዛውንት ናቸው።

«መምህር፣ አራቱን ባሳደግሁበት እጅ ነው እኮ የያዝኳት» ነበር ያለቻቸው። «ምን አጎደልኩባት? ለምንድን ነው እሷ ብቻ የምትሰበርብኝ?»

አሁን ደግሞ «ስለ መካኒክ አልጠየቅሁዎትም» አለች።

«አውቃለሁ። ተቀመጪና ስሚ» አሉና ቀጠሉ።

ይህ መካኒክ በሙያው የተመሰከረለት ነበር። ሰው መኪናውን ይዞለት ሲመጣ ኮፈኑን ሳይከፍት ቆሞ ያዳምጥና ሕመሙን ይናገራል። መፍቻ ሲያነሣ ቁጥሩን አያይም። ብሎኑን በዓይኑ ይለካል፣ እጁን ወደ ሣጥኑ ይሰዳል፣ ያነሣው መፍቻ ልክ ይሆናል። አሥር ይሁን፣ አሥራ ሦስት ይሁን፣ አሥራ ሰባት፣ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ስቶ አያውቅም። በዚህም ትንሽ ይኮራ ነበር። ይኩራ፤ የለፋበት ነው።

ግን አንድ የሚያንገበግበው ነገር ነበረው። ሚስቱን ያገባት አባቷ ሳይወዱ ነው። አባትየው የተማሩ፣ በወጣትነታቸው ከእንግሊዞች ጋር የሠሩ ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው ያሰቡት ሌላ ነበር። አልተጣሉም። በዓል ሲሆን ይጠያየቃሉ፣ ሲገናኙ እጅ ይነሣሣሉ። ነገር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አማቱ አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብለውት አያውቁም። «አቶ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ አንቱ ነው የሚሉት። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ልጆቹ ፊት፣ አንቱ። ይህ ስድብ አይደለም። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሚስታቸው ሲሞቱና እርጅናም ሲጫናቸው ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። ይዘውት የመጡት ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር፣ በጭነት መኪና ላይ የታሰረች አንዲት ትንሽ መኪና። በወጣትነታቸው ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ የገዟት የስፖርት መኪና ናት፤ ጣራ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ መሬት ላይ የተቀመጠች እስክትመስል ዝቅ ያለች። ሙሽራቸውን ያመጡት በእሷ ነው። ብዙ ዓመት ከነዷት በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ቆማ ጎማዋ በስብሶ፣ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዶ፣ ቀይ ቀለሟ ከዝገቷ ጋር አንድ ሆኖ ነበር።

መካኒኩ እንዳያት ልቡ ዘለለ። «ይህችን አስነሥቼ ደጃቸው ባቆምላቸው፣ የዚያን ቀን ልጄ ይሉኛል» አለ በሆዱ። ወደ ጋራዡ አልወሰዳትም። ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ጥላ ሠራላትና እሑድ እሑድ በገዛ እጁ ሊሠራት ተነሣ።

በመጀመሪያው እሑድ የኋላውን ኮፈን ከፈተ። ውስጡ አንድ የሞተ ጎማና በቡላ ሸራ የተጠቀለለ የዛገ ብረታ ብረት አገኘ። ጎማውን ጣለው። ጥቅሉን መኪናዋን የሚሸፍነው ላስቲክ ላይ አስቀመጠው፤ ነፋስ እንዳያነሣው። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

«ያ ጥቅል እኮ…» ብለው ጀመሩ።

«አባባ፣ እርስዎ አይድከሙ፣ ይረፉ። እኔ አለሁ» አላቸው መካኒኩ። በአክብሮት ነው ያላቸው፤ ጎንበስ ብሎ። ሽማግሌውም ዝም አሉ። አየሽ፣ ሰውን ዝም የሚያሰኘው ስድብ ብቻ አይደለም።

ከዚያ የሞተሩን ብሎኖች ለመፍታት አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻውን አነሣ። እንግዲህ እንግሊዞች ያን ጊዜ መኪናቸውን የሚሠሩት በኢንች ነበር። የኛ ሰው ያደገው በጣልያንና በጃፓን መኪና ላይ ነው፤ እነዚያ ደግሞ በሚሊሜትር ናቸው። ኢንች የሚባል ልክ መኖሩን አያውቅም አልልሽም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ የሚያወራው በኢንች ነው። ነገር ግን አሥራ ሦስቱ መፍቻ በግማሽ ኢንቹ ብሎን ላይ ሲገባ ልክ ይመስላል። የሚሰፋው የፀጉር ያህል ነው። ጭራሽ ባይገባለት ኖሮ ቆም ብሎ ይጠይቅ ነበር። ክፋቱ መግባቱ ነው።

ገፋው። መፍቻው ሸተት አለና የጣቶቹ አንጓ ብረቱ ላይ ተላጠ። «ዝገት ነው» አለ። ደግሞ ሲገፋው የብሎኑ ማዕዘን ተበላ። በሦስተኛው ብሎኑ ጠጠር መስሎ ክብ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ዓይነት መፍቻ ይያዘው? ወደሚቀጥለው አለፈ። እሱም እንዲሁ ሆነ። ላላ ያሉት ግን ይፈቱለት ነበር፤ እነዚያ ጥቂቶች ናቸው ይበልጥ ያሳሳቱት።

ጀማሪ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ብሎን ላይ ቆሞ ቁጥር ያይ ነበር። እሱ ግን የማይስት እጅ አለው። እጁን ከመጠርጠር መኪናዋን መጠርጠር ቀለለው። «ግትር ናት» ይላል። «የእንግሊዝ ብረት ነገረኛ ነው» ይላል። ረዘም ያለ ቧንቧ መፍቻው ላይ አስገብቶ ጉልበት ጨመረ። አትሳቂ፣ አንቺም ጨምረሻል።

ክረምቱ ሲገባ የተላጡት ብሎኖች አሥራ አንድ ደረሱ። አንድ እሑድ ትዕግሥቱ አለቀና መሮና መዶሻ አመጣ። አሥራ ሁለተኛውን ብሎን ሲመታው ራሱ ተቆርጦ ወደቀ፣ ግንዱ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። መካኒኩ መዶሻውን መሬት አስቀምጦ ከአጠገቡ ተቀመጠ። አለቀሰ ብዬ አላጋንንም። ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር፤ የሰበረው ብሎን ብቻ እንዳልሆነ ያውቃላ።

ሚስቱ ወጥታ አየችው። «በቃ ተዋት» አለችው። «አባዬም እንድትሠራለት አልጠየቀህም።»

«ከእኔ በላይ ማን ይፈታታል? እኔን ያቃተች!»

«ድሮማ አባዬ ነበር የሚፈታታት። እሑድ እሑድ። እማዬ ዘይት የነካው ሸሚዙን እያጠበች ስታማርር ትዝ ይለኛል።»

ቀና ብሎ አያት። «ራሳቸው? በምን መፍቻ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጠይቀዋ!»

ጠይቀዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ ከጤናቸው በቀር ሽማግሌውን ምንም ጠይቋቸው አያውቅም። ይጦራቸዋል፣ ያከብራቸዋል፣ ቀድሞ ብድግ ይልላቸዋል። ከእሳቸው የሚማረው ነገር ይኖራል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ወደ በረንዳው ሄደ። እንደ ወትሮው ቆሞ አልጎነበሰም፤ ደረጃው ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«አባባ፣ አቃተኝ» አለ። «እርስዎ እንዴት ነበር የሚፈቷት?»

ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ላስቲኩ አመለከቱ። «ያንን የነፋስ መከላከያ ያደረጉትን ጥቅል ያምጡት» አሉ።

ሸራው ሲፈታ ሰባት ቀጫጭን መፍቻዎች ወጡ፤ ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። የሽማግሌው ዓይን ደክሟል፤ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ አንዱን መርጠው ሰጡት። ነጭ ጋዝ አስመጥተው ያልተነካ ብሎን ላይ አንጠባጠቡ፣ ጋዙ እስኪሰርግም ጥቂት አስታገሡት። «አሁን ያስገቡት። አይግፉ፣ መጀመሪያ ይሰማዎት» አሉ። መፍቻው ገባና ያዘ። አይንቀጠቀጥም፣ አይሸሽም። ቀስ ብሎ ሳበው። ብሎኑ ቀጭ አለና ተፈታ።

መካኒኩ የራሱን አሥራ ሦስትና የሽማግሌውን ግማሽ ኢንች ጎን ለጎን ይዞ ብርሃን ላይ አያቸው። ልዩነታቸው ለዓይን አይሞላም።

«የእኔ መፍቻ እኮ ጥሩ ነው» አለ፣ እንደሚለምን ሰው።

«በጣም ጥሩ ነው። የእሷ ግን አይደለም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይረፉ አሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «አረፍኩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸው ከበረንዳው ወርዶ መኪናዋ አጠገብ ሆነ። ያልተላጡት በአንድ ቀን ተፈቱ። አሥራ አንዱ የተላጡት ግን በሞረድ አዲስ ማዕዘን እየወጣላቸው፣ ጋዝ እየጠጡ፣ አንዳንዱ ሙሉ እሑድ እየፈጀ እስከ መስከረም አደረሷቸው። ጉልበት የጨመረበት ሁሉ ሁለት እጥፍ ትዕግሥት አስከፈለው። ውስጥ የተሰበረው ተበስቶ፣ ጥርሱ እንደገና ወጥቶለት፣ ወፍራም ብሎን ገባበት።

ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ፣ ሽማግሌው ብሎን በጣታቸው ይዘው ሲሞርዱ፣ ሳያዩት እጃቸውን ዘረጉ። «ያንን ጨርቅ አቀብለኝማ ልጄ» አሉ። መካኒኩ ጨርቁን አንሥቶ ደርቆ ቀረ። «ምን ያቆምሃል? አምጣው እንጂ!» ብለው ተቆጡት።

መምህር ላቀው ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። የሺመቤትም «መኪናዋስ ተነሣች?» አለች።

«ተነሣች። ታጨሳለች፣ ዘይት ታንጠባጥባለች። የነገርኩሽ ስለ እሷ አይደለም። የሺመቤት፣ መካኒኩ አንቺ ነሽ። እጅሽ ጥሩ እጅ ነው፤ አራት ልጅ ይመሰክርልሻል። እኔም እመሰክራለሁ። አራቱን ግን የሠራሻቸው ራስሽ ነሽ፤ ልክሽ ልካቸው ነው። ይህችኛዋ በሌላ እጅ ተሠርታ አሥራ ሁለት ዓመት ከኖረች በኋላ ነው ወደ አንቺ የመጣችው። እህትሽ ስለሆነች የእሷም ልክ የእኔ ነው አልሽ። የፀጉር ያህል ይለያል። አልገባ ሲልሽ ጉልበት ጨመርሽ፤ እሷ ተላጠች፣ የአንቺም እጅ ደማ። እስቲ ንገሪኝ፣ እህትሽ ይህችን ልጅ ስትቆጣት እንዴት ነበር የምትቆጣት?»

የሺመቤት ለማስታወስ ሞከረች። እህቷን ያህል ሰው፣ ከአንድ መሶብ እየበላች አብራት ያደገችውን፣ ልጇን እንዴት ትቆጣ እንደነበር አታውቅም።

«ልጅቷስ ነግራሽ አታውቅም?»

«አንድ ጊዜ…» አለች። «እንደመጣች ሰሞን ነው። ሰው ፊት ስገሥጻት ‹እማዬ እኮ እንዲህ አታደርግም ነበር› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

የሺመቤት አንገቷን ደፋች። «‹እናትሽ አርፋለች፤ ከአሁን በኋላ እናትሽ እኔ ነኝ› አልኳት። በፍቅር ነው ያልኳት፣ መምህር።»

«አውቃለሁ። እሱም ይረፉ ያላቸው በአክብሮት ነው» አሉ መምህሩ። «ጥቅሉን ይዛው ነው ቤትሽ የገባችው። ልትፈታልሽ ስትል የነፋስ መከላከያ አደረግሽው። አሁን ሂጂና ጠይቂያት። ቆመሽ ግን አይደለም። ከአጠገቧ ተቀመጪና ‹አቃተኝ፣ እናትሽ እንዴት ነበር የምታደርገው?› በያት። ከዚያ እስክትጨርስ ዝም በይ።»

የሺመቤት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር አለች።

«እስካሁን የላጥኩትስ፣ መምህር?»

«አሥራ አንዱም ወጥተዋል አልኩሽ እኮ፣ ልጄ» አሉ። «የተሰበረው ምልክቱ ዛሬም አለ። መኪናዋ ግን ትሄዳለች።»