ምራቂ የበዛባት ላም

አንድ ቢሻው የሚባል የከብት መኖ አቀነባባሪ ነበር። ፋጉሎ ቢመዝን፣ ፉርሽካ ቢመዝን፣ ሚዛኑ ልክ ሲመጣ ልቡ አይረጋም፤ አንድ እፍኝ ምራቂ ካልጨመረበት ገዢውን የዘረፈው ይመስለዋል።

አንድ ቀን የመኖ ላቦራቶሪ ባለሙያ መጣች። የአካባቢው ሣር ሲሊኒየም የሚባል ማዕድን ስለሚያንሰው ጥጆች እየደከሙ መሆኑን ነገረችው። ማዕድኑ የተቀላቀለበት ዱቄትና ጥፍር የምታክል ማንኪያ ሰጠችውና «ለአንድ ኩንታል አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ ጋሽ ቢሻው። አደራ!» አለችው።

ቢሻው ማንኪያዋን አይቶ አፈረ። ይቺን ለሰው መስጠት ምን የሚሉት ንፉግነት ነው? አንዲቷን ማንኪያ ጨመረና፣ እንደ ልማዱ ከዱቄቱ አንድ እፍኝ መረቀበት።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ወይዘሮ የሻረግ ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት፤ ቤታቸው የሚተዳደረው በእሷ ወተት ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ የላሟ ጭራ ተመልጦ ገመድ መሰለ። ሰኮናዋ ተሰነጠቀ፤ ወተቷም ነጠፈ። ዝንብ እንኳ መከላከል ስላቃታት ወይዘሮ የሻረግ የሟች ባላቸውን የዝንብ ማባረሪያ ይዘው ቀኑን ሙሉ እሽ ሲሉላት ይውሉ ጀመር።

ባለሙያዋ ይህን ሰምታ ከመኖው ዘግና ወስዳ ለካችውና እየሮጠች ተመለሰች። ወይዘሮ የሻረግም ተከትለዋት መጡ።

«ጋሽ ቢሻው፣ ሲሊኒየሙ ከሚገባው ሃያ እጥፍ ሆኗል!»

«ተመስገን!» አለ ቢሻው ደረቱን ነፍቶ። «ሌላው ነጋዴ ከልኩ ይሰርቃል፤ እኔ ሃያ እጥፍ!»

ወይዘሮ የሻረግ ዝንብ ማባረሪያቸውን ቀሰሩ። «ቢሻው፣ ፀጉር አስተካካይህ ምራቂ ብሎ ቅንድብህን ቢላጭልህ ታመሰግነዋለህ?»

ቢሻው ሳያውቀው ቅንድቡን ዳበሰ። ሄዶ ላሟን ሲያያት ማዕድኑ ሲበዛ መርዝ መሆኑ ገባው። የተበላሸውን መኖ ሁሉ አስወገደ፤ ላሟ እስክታገግምም ከራሱ ላሞች ወተት እያለበ ለወይዘሮ የሻረግ ያደርስ ነበር።

ከወራት በኋላ የላሟ ጭራ በቀለ። ወይዘሮ የሻረግ ግን ማባረሪያቸውን አልሰቀሉም። በገበያ ቀን ከሚዛኑ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ የቢሻው እጅ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዱቄቱ ሲሄድ ቸብ ያደርጉታል። እሱም መመረቅ ሲያምረው ገለባ ይመርቃል።

ወዳጄ፣ ሲበዛ ማር ይመራል ይባላል። መልካም ነገርም ልክ አለው፤ ልኩም የሚታወቀው በሰጪው እጅ ስፋት ሳይሆን በተቀባዩ አቅም ነው። ምክርም ቢሆን፣ ቁጣም ቢሆን፣ ፍቅርም ቢሆን ያው ነው። እስቲ ቤትህን ዞር ብለህ እይ፤ በአንተ ቸርነት ጭራው የተመለጠ ማን አለ?