ስምንት ጊጋ ባዶ ቦታ

አንድ ሰው ነበረ። ከቤቱ ሲወጣ በሩን ይቆልፋል። ሃያ እርምጃ ይሄድና ተመልሶ ይነቀንቀዋል። መቆለፉን ካረጋገጠ በኋላ ደግሞ፣ ሲነቀንቅ ያየው ሰው እንዳለ ዞር ብሎ ያያል።

ትስቃላችሁ? ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ስሙን ልቀይረውና አቶ ወንድይፍራው ልበለው። ጎባ ከተማ የሚኖር፣ ከመዝገብ ቤት ሥራ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከአባቱ የወረሰው ግቢ ለሁለት ተከፍሏል፤ በዚህ በኩል እሱ፣ በዚያ በኩል ታናሽ ወንድሙ ጥላዬ። መሐላቸው የባሕር ዛፍ አጥር አለ። ወንድማማቾቹ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም ተባብለው አያውቁም።

ለምን? ጥላዬ ወሰን ይገፋል ብሎ ስለጠረጠረ። ማን ነገረው? ማንም። አንድ ጠዋት ጥላዬ የአጥሩን ቋሚ ጨብጦ ሲነቀንቅ አየው፤ በቃ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ወንድይፍራው፤ ከጸሎት ይልቅ ይህን ተረት ይደጋግማል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው በረንዳው ላይ ቆሞ አጥሩን በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ዝናብ ቢዘንብ ያነሣል። ፋሲካ ቢሆን ያነሣል። ቢያመው ተደግፎ ያነሣል። ፎቶውን ወደ ላፕቶፑ አስተላልፎ ከስልኩ ያጠፋዋል፤ ስልክ ይሰረቃላ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ፎልደር «ማስረጃ» ብሎ ሰይሞታል።

ማስረጃ ደግሞ ይጠበቃል። ሰው በፍላሽ ቢገለብጥበትስ? ስለዚህ የላፕቶፑን የፍላሽ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሙጫ ደፈናቸው። የሲዲ ማጫወቻውን አስነቀለው። ጸረ ቫይረስ ሦስት ጫነበት። ለምን ሦስት? አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ!

ሦስቱ ጠባቂዎች እርስ በርስ ተያይዘው ላፕቶፑን አንቀው ያዙት። ማክሰኞ ጠዋት ቢከፍተው አልነሣም አለ። ሐሙስ ደግሞ ጥላዬን የከሰሰበት የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው። ማስረጃው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቢፈረድለት አጥሩ ይፈርሳል፤ ከአጥሩ ጋር የቀረችው ወንድምነትም ትፈርሳለች።

ሰናይት የምትባል ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች። ወደ ሱቋ አልወሰደውም፤ እሷን ቤቱ አስጠራት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«የአሥር አለቃ ደጉ።»

«ደጉ ከጥላዬ ጋር ማኅበር አይጠጣም?»

«ይጠጣል። ከእርስዎም ጋር ይጠጣ ነበር፤ የተዉት እርስዎ ነዎት አሉ፣ ጋሼ።»

ላፕቶፑን ገለበጠችው። ሙጫውን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። «ይሄን ምን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ምን አለ?»

«ምንም። ግን አዲስ ሲስተም የምጭነው በፍላሽ ወይ በሲዲ ነበር፤ ሁለቱንም በር ዘግተውታል። የቀረን አንድ መንገድ ነው። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ከኔ ላፕቶፕ ጋር አገናኘውና እዚያው ላይ ትንሽ ክፍል እከፍላለሁ፤ ፓርቲሽን እንለዋለን። መጫኛውን እዚያች ክፍል አስቀምጬ ዲስኩን መልሼ እገጥመዋለሁ። ማሽኑ ከዚያች ክፍል ይነሣና የቀረውን ቤት ያድሳል።»

«ክፍሏ ለማን ነው? ቁልፏስ ማን ዘንድ ይቀራል?»

«ቁልፍ የላትም፣ ጋሼ። ዲስኩ የእርስዎ ነው።»

አላመናትም። ብሎኖቹን ስትፈታ ቆጠራቸው፤ አሥራ አንድ። መዳፉ ውስጥ ጨበጣቸው። ዲስኩን ከራሷ ላፕቶፕ ጋር ስታገናኝ ወንበሩን ስቦ ትከሻዋ ሥር ተቀመጠ።

ሰናይት ትንሽ አየችና እጇን አነሣች። «ባዶ ቦታ የለም። ስምንት ጊጋ ያስፈልገኛል። ዲስኩ እስከ አፉ ሞልቷል።»

«ምን ሞላው?»

«አብዛኛው ፎቶ ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ምናምን ፎቶ። ሁሉም... የአጥር ነው።» ሳቋን ዋጠችው መሰለኝ። «ለጊዜው እኔ ላፕቶፕ ላይ ልገልብጥልዎ?»

«ጥላዬ ዘንድ ሊያድር?»

«እንግዲያው የሚጠቅምዎትን መርጠው ሌላውን ይሰርዙ። እኔ አልሰርዝም፤ ኋላ እኔንም ይከሱኛል።»

ወንድይፍራው ለዳኛው የሚሆኑትን ሊመርጥ መነጽሩን አደረገ። ቁልፉን ተጫነ፤ አጥር። ተጫነ፤ አጥር። ተጫነ፤ አጥር።

ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው ሰባት ዓመት ፎቶ ሲያነሣ፣ አንድም ቀን የዛሬውን ከትናንቱ አጠገብ አድርጎ አይቶ አያውቅም። ያነሣል፣ ይከታል፣ ይቆልፋል። አሁን ግን ቀን ቀንን ተከትሎ ከፊቱ ማለፍ ጀመረ።

አንድ የበሰበሰ ቋሚ ታየ። በማግስቱ ጥላዬ ያንን ቋሚ ሲነቅል ይታያል፤ ወንድይፍራው «ሲሰርቅ» ብሎ ጽፎበታል። በሦስተኛው ቀን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አዲስ ቋሚ ቆሟል።

ወደፊት ሄደ። ክረምት ነው፤ አጥሩ ወደ ጥላዬ ቤት ዘሟል። በማግስቱ ጥላዬ ዝናብ እየመታው አጥሩን በትከሻው ይዞ ይታያል። «ሲገፋ» ይላል ጽሑፉ። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ቀጥ ብሏል።

አባታቸው የተከለው የኮሶ ዛፍ በወንድይፍራው በኩል ነው። በመጀመሪያው ፎቶ አጥሩ የኮሶውን ግንድ ይነካል። በመጨረሻው ፎቶ በግንዱና በአጥሩ መካከል ሰው ያልፋል። አጥሩ ቀስ በቀስ ተንቀሳቅሷል፤ እውነት ነው። የተንቀሳቀሰው ግን ወደ ጥላዬ ነው። ጥላዬ ወሰን ገፍቷል፤ የገፋው የራሱን ነው።

ወንድይፍራው ቀና አለ። «አንቺ ነሽ የነካካሽው?»

«እኔ ምን በወጣኝ፣ ጋሼ። ዛፉ እዚያ ቆሟል፤ ወጥተው ይዩት።»

ወጣ። በኮሶውና በአጥሩ መካከል ትከሻውን አስገባ፤ አለፈ። ተመልሶ አለፈ። በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ማን እንደከፈተለት ጠይቆ አያውቅም ነበር። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው፣ ደግ የተደረገለትን ብቻ ሳይጠረጥር ኖረ! ያን ጊዜ አፈረ። ከልቡ አፈረ።

ገብቶ ተቀመጠ። «የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስቀሪልኝ» አላት። የቀረውን በራሱ እጅ ሰረዘ። ስምንት ጊጋ ተለቀቀ፤ እንዲያውም ተረፈ።

ሰናይት ትንሿን ክፍል ከፈለች። መጫኛውን አስቀመጠች። ዲስኩን መልሳ ገጠመች። ላፕቶፑ ከዚያች ክፍል ተነሣ፤ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ሲስተም ተጭኖ አለቀ። ብሎኖቹን ግን ወንድይፍራው አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው የመለሰላት፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

እሷ ስትሄድ ወደ አጥሩ ሄደ። «ጥላዬ» አለ። በስሙ ከጠራው ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለ ጥላዬ ከወዲያ ማዶ።

«ክሱን ላነሣው ነው።»

«ማን መከረህ?»

አያችሁ? ጥርጣሬ ተላላፊ ነው። ሰባት ዓመት የጠረጠርከው ወንድምህ፣ በስምንተኛው ይቅርታህን ይጠረጥራል። ወንድይፍራው ግን አልሄደም። አጥሩን ይዞ ቆመ።

«አጥሩን ለምን ወደ ራስህ ወሰድከው?»

«ኮሶው ወፈረ» አለ ጥላዬ። «አንተም ወፈርክ፣ ጋሼ። በየት በኩል ታልፍ ነበር?»

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የተመነጠረው ማን ነው? ያልጠረጠረው ነው ወይስ የጠረጠረው? ሰባት ዓመት ወንድም ያጣው ማን ነው?

እናንተስ የትኛውን ቀዳዳ ነው በሙጫ የደፈናችሁት? ሽማግሌ ሊያስታርቃችሁ ሲመጣ «ማን ልኮት ነው?» ትላላችሁ። ጎረቤት ደኅና ዋላችሁ ሲል «ምን ፈልጎ ነው?» ትላላችሁ። እኔ እዚህ ቆሜ ሳስተምር እንኳ «ዛሬ እኔን ነው የነካው፣ ማን ነገረው?» የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ! በየት በኩል እንግባላችሁ?

እግዚአብሔር ግን በሩ ተደፈነ ብሎ ጥሎን አይሄድም። ከውስጥ ይጀምራል። ቤቱን ሁሉ አሁኑኑ ልቀቁልኝ አላለም፤ ትንሽ ክፍል ነው የሚለምነን። እኛ ደግሞ ያቺን ትንሽ ክፍል በወንድማችን ፎቶ ሞልተናታል። እንዴት ይግባ? በሬዲዮ ይጥራን?

ደግሞም አትሳሳቱ፤ እሱ አይሰርዝላችሁም። ቁልፉን የሚጫነው የእናንተ ጣት ነው። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን ያን የያዛችሁትን ቀን ከማግስቱ አጠገብ አድርጋችሁ እዩት። ቋሚውን ሲነቅል ያያችሁት ሰው፣ በማግስቱ ምን ሲተክል ነበር?

ይህ ሰው ዛሬ እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል። ወንድሙም አብሮት አለ።

አትዙሩ። አትዙሩ አልኩ! ገና ስናገር አንገታችሁ ዞረ። ማን እንደሆነ አውቃችሁ ምን ልታደርጉት ነው? ልታስቀምጡት? ይኸው፣ አሁን እንኳ ፎቶ አነሣችሁ።

እሱ ዘንድ የቀሩት ሁለት ፎቶዎች ናቸው። የእናንተስ ስንት ነው? ቤታችሁ ግቡና ቁጠሩ። ባዶ ቦታ የሚገኝበት ልብ ይስጠን።